ያን ቀን እዚያ ነበርኩ

እንደምን አመሻችሁ! በዚህ ዝናብ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የተሰበሰብነው የሬጌና የሮክ ኮንሰርት ትዝታችንን ልንጨዋወት ነው።

በአንድ ጫማ ልጀምር። የግራ እግር ሸራ ጫማ ነው። ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ጠፋ። እስካሁን አልተገኘም።

ቀኑን እዚህ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ አትረሱትም። ቦብ ማርሊ በሕይወት ቢኖር 60 ዓመት የሚሞላው ያን ዕለት ነበር። ባለቤቱ ሪታ ማርሊና ልጆቹ ልደቱን ከጃማይካ ውጭ ለማክበር ሲያስቡ አዲስ አበባን መረጡ። ዚጊ፣ ስቴፈን፣ ዴሚያን፣ ሁሉም መጡ። ከሴኔጋል ዩሱ ንዱርና ባባ ማል፣ ከቤኒን አንጀሊክ ኪጆ መጡ። መግቢያው በነፃ ነበር። ሕዝቡ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል።

ይሄን ማንም ያውቀዋል። ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ጋዜጣ ላይ ያልወጣውን ነው።

እኛ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ታላቅ እህቴና አንድ የሰፈር ጓደኛዬ። ከስድስት ኪሎ ነው የሄድነው። እኔ የማስታውሰው ደረጃው ላይ ቆመን ነው። ከላይ ሆነን መድረኩን ቁልቁል እናየው ነበር። ጓደኛዬ ደግሞ «ኧረ ባክህ! አስፋልቱ ላይ ነበርን፤ የሰው ጀርባ እንጂ መድረክ መች አየን!» ይላል። እህቴ ሁለታችንንም አትቀበልም። እሷ እንደምትለው መጀመሪያ ደረጃው ላይ ነበርን። ሙዚቃው ሲግል ሳናውቀው ወርደን አስፋልቱ ላይ ተገኘን። ጫማው የጠፋው ስንወርድ ነው። የማን ጫማ? እህቴ «የኔ» ትላለች። ጓደኛዬ «የኔ» ይላል። ሁለቱም በአንድ እግራቸው ባዶ ቤት መግባታቸውን ይምላሉ።

ከ20 ዓመት በኋላም ስንገናኝ ይሄንኑ እንከራከራለን። ድሮ ያናድደኝ ነበር። አንዱ መሳሳት አለበት ብዬ ነው። አሁን ሌላ ነገር ይታየኛል። ያ ኮንሰርት ሙሉውን አንዳችን ጋ የለም። ተካፍለን ነው የያዝነው። እኔ ያላየሁትን እሷ አይታለች። እሷ ያልሰማችውን እሱ ሰምቷል። ሦስታችን ካልተገናኘን ያ ምሽት ጎዶሎ ነው። ዛሬ እዚህ ያሰባሰበንም ይሄ ነው።

የኔን ድርሻ ልንገራችሁ። አንድ ትንሽ ልጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። አባቱ አጠገቤ ቆሞ ደከመውና «ወንድሜ፣ እስቲ ትንሽ ያዝልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ልጁ ሁለቱን ጆሮዎቼን እንደ መሪ ይዞ ይጨፍራል። ዚጊ የትኛውን ዘፈን በየትኛው አስከትሎ እንደዘፈነ ብትጠይቁኝ አልመልስም። የልጁ ተረከዝ ደረቴን ሲመታኝ ግን አሁንም ይሰማኛል። ያ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ምናልባትም አግብቶ ወልዷል። የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ማየቱን ያስታውስ ይሆን? ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

ቦብ ማርሊን ራሱን በመድረክ ያየ ከመካከላችን የለም። እኛ የምናውቀው በካሴት ነው። ሆኖም አብዛኞቻችን በጣም የምንወደው ዘፈኑ የስቱዲዮ ሥራ አይደለም። «ኖ ዉማን ኖ ክራይ»ን ማለቴ ነው። ዘፈኑ በ1974 እ.ኤ.አ. በስቱዲዮ ተቀርጾ ነበር። ብዙም አልተወራለትም። ዓለም የያዘው በዓመቱ፣ በጁላይ 1975፣ ለንደን ውስጥ ላይሲየም ቴአትር በሕዝብ ፊት የተቀዳውን ነው። (በነገራችን ላይ «ሴት ከሌለ ለቅሶ የለም» ብለው የሚተረጉሙት ብዙ ናቸው። እሱ ግን «አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ» ማለቱ ነው።)

እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ መግቢያውን ደግማችሁ ስሙት። ገና ኦርጋኑ ሲጀምር ሕዝቡ አብሮ ሲያዜም ትሰማላችሁ። እነዚያ ሰዎች እነማን ናቸው? ከሥራ በቀጥታ የመጡ ይኖራሉ። ትኬት ለመግዛት የተበደሩ ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከካሪቢያን የመጡ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ስማቸው ሽፋኑ ላይ የለም። ግን ዘፈኑ ያለ እነሱ ያ ዘፈን አይደለም። እኔ ልጅ ሆኜ ስሰማው የሚያስለቅሰኝ የቦብ ድምፅ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ነው የገባኝ። የሚያስለቅሰኝ የሕዝቡ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ሮክ ልሻገር። ማንቸስተር እንሂድ።

ፍሪ ትሬድ ሆል የሚባል ትልቅ አዳራሽ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 17 ቀን 1966 አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን እዚያ ዘፈነ። ገና 24 ዓመቱ ነው። ሰው የሚያውቀው በአንድ ጊታርና በሃርሞኒካ ብቻውን ቆሞ ሲያንጎራጉር ነው። የባህል ዘፈን ወዳጆች «የኛ ሰው» ይሉታል። ለድሃው ይዘፍናል፣ ለመብት ይዘፍናል፣ ገበያ አልገባም ብለው ይኮሩበታል። የመጀመሪያውን ክፍል እንደለመዱት ብቻውን ተጫወተላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙት። ከእረፍት በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ጊታር አንግቦ ከሙሉ ባንድ ጋር ወጣ። ድምፁ አዳራሹን ናጠው። አንዳንዱ በንዴት ቀስ እያለ ያጨበጭባል። ተነስቶ የሚወጣም አለ። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ባንዱ ለቀጣዩ ዘፈን ሲዘጋጅ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው ጮኸ።

«ይሁዳ!»

ይህች ቃል ለኛ ቀላል አይደለችም። ሕማማትን እየጾመ ያደገ ሰው ይሁዳ መባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጌታህን በሠላሳ ብር ሸጥክ ማለት ነው። ዲላን «አላምንህም። ውሸታም ነህ» ብሎ መለሰ። ወደ ባንዱ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርገው እንዲለቁት ነገራቸው። ለቀቁት። ቅጂው አለ፤ መስማት ትችላላችሁ። ከበሮው ሲወርድ ጥፊ ነው የሚመስለው።

ያ ቅጂ ለብዙ ዓመታት በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ሽፋኑ ላይ የለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ስህተት ነው። ከተማው እንኳ ተቀይሯል። በይፋ የታተመው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የምሽቱ ታሪክ እንደ አዲስ መቆፈር ጀመረ። የጮኸው ማን ነበር? «እኔ ነኝ» የሚል ሰው ወጣ። ቀጥሎ ሌላ ሰው «የለም፣ እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። ሁለቱም ከ30 ዓመት በላይ ይዘውት ኖረዋል።

ሁለት ሰው፣ አንድ ቃል። ሁለት ሰው፣ አንድ ጫማ። ይሄን ታሪክ ስሰማ እህቴና ጓደኛዬ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ማንም አልዋሸም ብዬ አምናለሁ። በዚያ አዳራሽ ብዙ ሰው በልቡ ያን ቃል ብሎት ይሆናል። ከአንዱ አፍ ወጣ። ሌላው ደግሞ ከራሱ አፍ የወጣ ያህል ተሰማው።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ በጁላይ 1965፣ ዲላን አሜሪካ ውስጥ ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። በኤሌክትሪክ የተጫወተው ሦስት ዘፈን ብቻ ነው። ከሕዝቡ የ«ቡ!» ድምፅ ተሰማ። ለምን? እዚያ የነበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ «በኤሌክትሪኩ ተናደን ነው» ይላል። አንዱ «ድምፅ ማጉያው ስለተበላሸ፣ ግጥሙ አልሰማ ስላለን ነው» ይላል። ሌላው «ሦስት ዘፈን ብቻ ተጫውቶ ስለወረደ ነው» ይላል። የቆሙበት ቦታ ይለያያል። ፊት ለፊት የነበረው የሰማውና ከኋላ የነበረው የሰማው አንድ አይደለም። በድምፅ ሥራ ላይ ያላችሁ ይሄን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ከዲላን ምሽት አሥር ዓመት በኋላ፣ ጁን 4 ቀን 1976፣ በዚያው የማንቸስተር ሕንፃ ውስጥ ባለችው ትንሿ አዳራሽ ሴክስ ፒስቶልስ የሚባለው የፓንክ ሮክ ባንድ ተጫወተ። የመጣው ሰው 40 ገደማ ነበር ይባላል። ዛሬ «ነበርኩ» የሚለው ሰው ግን አዳራሹን ብዙ ጊዜ ይሞላዋል። በእርግጥ ከነበሩት መካከል ፒተር ሁክ የሚባል ወጣት አለ። በማግስቱ ቤዝ ጊታር ገዛ። እሱና አብሮት የነበረው ጓደኛው በኋላ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን ባንድ መሠረቱ። «ነበርኩ» ብለው ያልነበሩትን ሰዎች አልፈርድባቸውም። እንዲያ ያለ ቀን ሲያመልጥ ያንገበግባል።

ያመለጣቸውን ሰዎች ካነሳሁ ዘንዳ ስለ ሐራሬ ሳልናገር አላልፍም። ለኔ ከሁሉም በላይ ትልቁ ኮንሰርት ያ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 1980። ከተማዋ ገና ሶልስበሪ ነበር የምትባለው፤ ሐራሬ የተባለችው በ1982 ነው። ዚምባብዌ ነፃ የምትወጣበት ሌሊት ነው። ቦታው ሩፋሮ ስታዲየም፣ ጥቁሮቹ በሚኖሩበት ሰፈር ውስጥ። ቦብ ማርሊ ለነፃነቱ ትግል ስሟን ጠርቶ የዘፈነላት አገር ጋበዘችው። ባንዱንና የድምፅ መሣሪያውን በራሱ ወጪ ጭኖ መጣ። ክብር ትሪቡን ላይ ልዑል ቻርልስ አሉ። የአዲሱ መንግሥት መሪዎች አሉ። የብዙ አገር እንግዶች አሉ።

ከስታዲየሙ ውጭ ደግሞ ለነፃነቱ ዋጋ የከፈለው ሕዝብ ቆሟል። ቦታ የለም፣ ጥሪ ወረቀት የለውም። ሙዚቃው ከግንቡ ወዲያ ሲሰማ መታገሥ አቃተው። በሩን ገፋ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። ጭሱን ነፋስ ተሸክሞት መድረኩ ላይ ደረሰ። ባንዱ ዓይኑን እየጠራረገ ከመድረክ ወረደ። የቦብ አጃቢ ዘፋኞች፣ ሪታ ማርሊ፣ ጁዲ ሞዋትና ማርሻ ግሪፊትስ ከአካባቢው ሸሹ። ነገሩ ሲረጋጋ ቦብ ተመልሶ ዘፈነ። በማግስቱም ለሰፊው ሕዝብ ድጋሚ ተጫወተ።

ይሄን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ የሚሄደው ከውጭ ወደቆሙት ነው። ውስጥ የነበረው ሰው የአሮጌውን ባንዲራ መውረድና የአዲሱን መውጣት አይቷል። ውጭ የነበረው ያየው ግንብ ነው፣ የፖሊስ ቆመጥ ነው፣ ጭስ ነው። ግን እሱም ሰምቷል። እሱም «የቦብ ማርሊን ኮንሰርት ተካፍያለሁ» ቢል እውነቱን ነው። ያቺ ሌሊት ያለ እሱ ልትተረክ አትችልም። በየኮንሰርቱ ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው አለ። በስታዲየማችን ዙሪያ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ፎቅ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሰማ ሰው ዛሬ እዚህ ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። የእሱን ወሬ ከሁሉ አስቀድሜ መስማት እፈልጋለሁ።

ላይቭ ኤይድ ስለተባለው ኮንሰርት ብዙ አልናገርም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። ዌምብሌይ ስታዲየም ከ70 ሺህ በላይ ሰው ገባ፤ በዚያው ዕለት ፊላደልፊያም ሌላ መድረክ ነበር። የእንግሊዝ ሮክ ወዳጅ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ኩዊን የተባለው ባንድ ስለተጫወተባት 20 ደቂቃ ነው የሚያወራው። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። እውነትም ድንቅ ነበር። ግን ኮንሰርቱ የተዘጋጀው ለኛ ረሃብ ነው። እኛ ሰባ ሰባት ስንል ትዝ የሚለን ሌላ ነው። ኮረም ነው፣ ሰፈራ ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ትዝታ። ዌምብሌይ ከነበረ ሰው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሱን ሰምቼ የቤተሰቤን ብነግረው እወዳለሁ። ሳይጣላ፣ ሳይወቃቀስ፣ እንዲሁ መነጋገር።

ደስ ወደሚለው ልመለስ። ቺካጎ ውስጥ ዘ ዋይልድ ሄር የሚባል የሬጌ ቤት ነበር። የከፈቱት ሐበሾች ናቸው። ዳሎል የሚባል ባንድ የነበራቸው ልጆች። ዳሎል! በረሃችንን ስሙን ይዘው ያን በረዶ አገር ሄዱ። ሬጌያቸው ጥርት ያለ ነበር። ዚጊ ማርሊ «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም በ1988 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ያጀቡት እነሱ ናቸው። አልበሙ ግራሚ አሸነፈ። ፕሮዲውስ ያደረጉት ደግሞ ቶኪንግ ሄድስ ከተባለው የሮክ ባንድ የመጡት ባልና ሚስት፣ ክሪስ ፍራንትዝና ቲና ዌይማውዝ ናቸው። ሬጌና ሮክ በኢትዮጵያውያን እጅ ተገናኙ ማለት ነው። ይሄ ታሪክ አገራችን ውስጥ በሚገባ አልተነገረም። ይቆጨኛል። በዚያ ቤት ክረምቱን በሬጌ ያሳለፉ ሐበሾች ዛሬ አሜሪካ ተበታትነው አሉ። የያዙትን ካልነገሩን ማን ይነግረናል?

ወደ ጥር 29 ልመልሳችሁ። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ታክሲ የሚባል ነገር የለም። በእግር ነው የተመለስነው። በአፍሪካ አዳራሽ ሽቅብ። መንገዱ ሙሉ ሰው ነው። ሁሉም ይዘፍናል። አንዱ ቡድን የጀመረውን ከኋላ ያለው ይቀበለዋል። እኛ ከፊት ያሉትን እንቀበላለን፣ ከኋላ ያሉት ከኛ ይቀበላሉ። የማይተዋወቅ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዟል። ሂልተን በር ላይ ስንደርስ ጓደኛዬ ቆመ። «አባዬ እኮ እዚህ ነው ያደረው» አለ።

የአባቱን ታሪክ ነገረን። በደርግ ጊዜ ሂልተን ውስጥ ዋሊያስ ባንድ ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ አለ። ስለዚህ ሙዚቃ ሊሰማ የወጣ ሰው ሰዓቱ ከደረሰ በኋላ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም። ያድራል። ባንዱም ይጫወታል። ሊነጋ ሲል ነው የሚወጣው። አባቱ አንድ ሌሊት እንዲያ አድሮ፣ ጠዋት በዚያው ልብሱ መሥሪያ ቤት ገባ። «ውጭ ወታደር አለ፣ ውስጥ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ይጫወታል» ይል ነበር አሉ። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለሥራ ሄደ። ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ነድቷል። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ተራ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደገና የዓለም መድረኮች ላይ ወጥቷል። የጓደኛዬ አባት ይሄን ሳይሰማ አረፈ።

እኔ ታዲያ ስለ ጥር 29 ሳስብ ከመድረኩ ይልቅ ያን የሂልተን በር ነው የማየው። ሦስታችን ቆመናል። ጓደኛዬ ያወራል። እህቴ ታለቅሳለች። ደግሞ አንዳችን በአንድ እግር ባዶ ነን። ሰው እየዘፈነ በጎናችን ያልፋል። ያኔ ሦስታችንም ስልክ አልነበረንም። ፎቶ የለም፣ ቪዲዮ የለም። የዚያች ደቂቃ ማስረጃ ሦስት ሰው ብቻ ነው።

ለዚህ ነው አዘጋጆቹ «ተናገር» ሲሉኝ እሺ ያልኩት። አሁን የምታወሩት እናንተ ናችሁ። አደራ፣ የዘፈን ዝርዝር አትንገሩኝ። እሱን ማግኘት አይከብድም። ከማን ጋር እንደሄዳችሁ ንገሩኝ። ምን እንደለበሳችሁ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳመጣችሁ፣ ለቤተሰብ ምን ብላችሁ እንደወጣችሁ። ከየት በኩል ቆማችሁ ነበር? ማን ገፋችሁ? ማን ውኃ አቀበላችሁ? እንዴት ወደ ቤት ገባችሁ? አብሯችሁ የነበረው ሰው ዛሬ የት ነው? ካለ ደውሉለት። «እንዲህ አልነበረም» ካላችሁ አትከራከሩት፤ አስጨርሱት። አንድ ወጣት እዚህ ጥግ ላይ መቅጃ ይዞ ተቀምጧል። ሁሉንም ይይዝልናል። የሚጋጨውንም እንዳለ ይይዘዋል፤ አናስተካክለውም።

ማይኩ በሁሉም ረድፍ ይዞራል። እኔ ግን የመጀመሪያውን ሰው መርጫለሁ። ታላቅ እህቴ እዚህ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ጓደኛዬም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሲገባ አይቼዋለሁ። እትዬ፣ ማይኩን ተቀበይ። ከጫማው ጀምሪልን።